ጠንከር ያለ እርምጃ

ልብስ ሰፊው መርፌ በጥርሱ ነክሶ እያወራ ያረጀ ሰው ነው። የሐኪም መርፌ ሲያይ ግን በር በሩን ያያል። ጤና ጣቢያው "የአኗኗር ሕክምና" የሚል አዲስ ክፍል ከፍቶ ነበርና ወደዚያ መሩት። ዘበኛው "እዚያ የገባ ሁሉ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው፤ ክኒን እንኳ የላቸውም" ብሎ አስቀድሞ ነግሮታል።

ሐኪሟ የልጁ እኩያ ብትሆን ነው። "አባት፣ ስኳርዎ አፋፍ ላይ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን" አለችው።

ሰውዬው ላብ በላብ ሆነ።

እንቅልፉን ጠየቀችው፣ ምግቡን ጠየቀችው፣ ቀኑን ሙሉ ከወንበር እንደማይነሳ አወጣጣችው። "የሚያበሳጭዎት ነገርስ አለ?"

ይሄኔ ነፍስ ዘራ! ባለ ዳቦ ቤቱ ድምፅ ማጉያውን እያስጮኸ እንቅልፍ ይነሳዋል። ሻይ ሻጯ ብርጭቆውን አጉድላ ትቀዳለታለች። የታክሲው ረዳት "የሁለት ሰው ቦታ ይዘህ የአንድ ሰው ትከፍላለህ" እያለ ሰው ፊት ያዋርደዋል። ደንበኞቹ ደግሞ ልብስ አሰፍተው ደብዛቸው ይጠፋል።

ሐኪሟ ካርዱ ላይ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ገባኝ። እንግዲህ ዋናው መድኃኒትዎ እርምጃ ነው" አለች። "ጠዋትና ማታ እርምጃ ይውሰዱ። መጀመሪያ ቀለል ያለ፣ እየቆየ ጠንከር ያለ።"

"ጠንከር ያለ?"

"እስኪያልብዎት ድረስ!"

እንዲህ ያለች ሐኪም እስከ ዛሬ የት ነበረች! ሰው ሁሉ "ተወው፣ ቻለው" ሲለው ኖሮ፣ ይኸው በሐኪም ታዘዘለት።

ቤት ሲገባ ሚስቱ "ምን አዘዘችልህ?" አለችው።

"እርምጃ።"

"እሰይ! እኔ ስልህ መቼ ሰማኸኝ?"

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። በማግስቱ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አንባረቀ። ባለ ዳቦ ቤቱም አንባረቀና "ሁለተኛ ጣፋጭ ዳቦዬን አትቀምሳትም!" አለው። ቀጥሎ ሻይ ሻጯ ዘንድ ሄደ።

"ጎዶሎ ሻይሽን ራስሽ ጠጪው!"

"ጋሼ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ለስኳርህ ቦታ ልተው ብዬ እኮ ነው! ሞልቼ ብቀዳልህማ ስኳሩ የት ይግባ?"

እውነቷን ነበር። እሱ ግን እርምጃ ላይ ነውና አኩርፎ ወጣ። ከረዳቱ ጋር ተሰዳድቦ በእግሩ ሥራ መግባት ጀመረ። የከረመውን ልብስ ሁሉ በትከሻው ተሸክሞ፣ ፎቅ እየወጣ ፎቅ እየወረደ፣ በየደንበኛው በር እየወረወረ ሄደ። ላቡ ጠብ ሲል "መድኃኒቱ ሠራ!" ይላል።

ሚስቱ ግራ ገባት። "አንተ ሰውዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰላምታ የሚነሳን ምን አድርገሃቸው ነው?"

"ተይኝ ሴትዮ፣ ሕክምና ላይ ነኝ።"

ቀጠሮው ደረሰ። ጣቱን ሲወጉት ዓይኑን ጨፍኖ የሚስቱን ክንድ ጨመደደ። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ከወንበሯ ተነሳች።

"ወርዷል! መርፌ የለም! ጎበዝ አባት! እርምጃውን በየት በኩል ነው የሚወስዱት?"

"በየት በኩል ያልወሰድኩ! ባለ ዳቦ ቤቱ ላይ ወሰድኩ፣ ሻይ ሻጯ ላይ ወሰድኩ፣ ረዳቱ ላይ ወሰድኩ። አሁንስ ሰው አለቀብኝ ዶክተርዬ፤ ማንን ልጨምር?"

ሐኪሟ ቀስ ብላ "በእግር..." አለች፣ "በእግር ይሂዱ ማለቴ ነበር" አለችና ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ በሳቅ ፈነዳች። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። እጁን ጎትታ "ና! አሁኑኑ ትታረቃለህ!" ብላ መጀመሪያ ሻይ ሻጯ ዘንድ ወሰደችው።

"በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሻይ ሻጯ ዕንባዋ መጣ። "ጋሼ ሙት፣ ድሮም አልተቀየምኩህም!" ብላ ብርጭቆ አንስታ አጉድላ ቀዳችና ስኳሩን በማንኪያ ትቆልል ገባች። "እንካ፣ የዕርቃችን ነው። ካልጠጣህ ግን ከልብህ አልታረቅከኝም ማለት ነው።"

ብርጭቆውን አየው። ሽታው አፍንጫው ውስጥ ገባ፣ ምራቁን ዋጠ። ከብርጭቆው ባሻገር ግን የሐኪሟ መርፌ ታየው።

"እንግዲያው ይቅርታዬን መልሼ ወስጃለሁ!" ብሎ ጮኸ። "እንደተጣላን እንቆይ!"

ሚስቱ "አንተ!" እያለች ስትከተለው፣ እሱ መንገዱን ይዞ ይገሰግሳል።