ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር

«አንኳኪ!» አለች ልጅቷ።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት የሟቿን ክፍል በር እጀታ እንደያዘች ዞረች። ሳሎኑን የሞሉት ለቅሶ ደራሾችም ስኒያቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«ወንበር ላወጣ ነው እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሰው ቆሞ ቀረ።»

«አውጪ። ግን አንኳኩተሽ ግቢ።»

«ለማን ነው የማንኳኳው፣ እህቴ? ትናንት…» የቀረውን ዋጠችው። ከዚያ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ በሁለት ጣቷ በሩን ኳ ኳ አደረገችና ገባች። ሁለት ወንበር አወጣች። ሦስተኛውን፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ፊት ያለውን ባለ ትራስ ወንበር፣ ማንም ሳይነግራት ተወችው።

«ተዉአት» አለ አጎትዬው። «ሐዘን ነው።»

«ሐዘን አይደለም ጋሼ፤ የቤቱ ሕግ ነው» አለች ልጅቷ።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ገበያው ዳር ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ትምህርት ያቋረጠችው አሥረኛ ክፍል ላይ ነው፤ ይህን እንደ ጉድለት ያነሳባት ሰው ግን ሁለተኛ አላነሳም። የሞተችው አክስቷ «እሾኬ» ነበር የምትላት።

ሕጉ የወጣው የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። እናቷ ሞታ አክስቷ ዘንድ ከመጣች ሳምንት አልሞላትም። አንድ ቀን በሩን በርግዳ ገባችና፣ ትዝ ሲላት፣ ከውስጥ ሆና አንኳኳች። አክስቷ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ፣

«ማንኳኳትም አንኳኳሽ፣ መግባትም ገባሽ። አንዱም አልጎደለም። ታዲያ ለምን ተናደድኩ?» አለቻት።

«ቀድሜ ስለገባሁ።»

«አየሽ? ሁለቱ ነገሮች እነዚያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ሲገለበጥ ግን ሌላ ይሆናሉ። እኔ ይህን ያወቅኩት ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ ነው፤ ያውም ተሰድቤ። በይ ውጪና እንደገና።»

ወጣች። አንኳኳች። ከውስጥ «ቆይ፣ መስመሩን ልጨርስ» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአሥራ ስምንት ዓመት መልሱ ይኸው ነበር።

የስድቡን ታሪክ ኋላ ነው የነገረቻት። አክስቷ ለዩኒቨርሲቲው ፊዚክስ ክፍል አዲስ ታይፒስት ሆና የተቀጠረች ሰሞን አንድ ወጣት መምህር በእጁ የጻፈውን የማባዛት ስሌት ሰጣት። አንዱ ቦታ «ሀ በ ለ»፣ ሌላው ቦታ «ለ በ ሀ» ይላል። ሰውዬው ዝርክርክ ቢሆን ነው ብላ፣ ልታሳምርለት፣ ሁሉንም «ሀ በ ለ» አድርጋ ጻፈችው። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ እንግዲህ ባዶ ሆነ። መምህሩ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረው።

«ዜሮ አደረግሽኝ! ሥራዬን በሙሉ ዜሮ አደረግሽው!»

«ሁለት ጊዜ ሦስትና ሦስት ጊዜ ሁለት አንድ አይደለም እንዴ?»

«ታይፒስት ታይፕ ታድርግ፤ አታስብ።»

የተበላሹትን ወረቀቶች ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች። ብስጭቱ ሁለት ዓመት አስነበባት። ለካ ሀ እና ለ ቁጥሮች አልነበሩም፤ የቁጥር ሰንጠረዦች ነበሩ። ሰንጠረዦች ደግሞ ሲባዙ ማን እንደቀደመ ያስታውሳሉ። «ከአቶም ያነሰች አንዲትን ቅንጣት» ትላት ነበር ለልጅቷ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ «መጀመሪያ የት ነሽ፣ ቀጥሎ በምን ፍጥነት ትሄጃለሽ ብለሽ ብትጠይቂያት አንድ መልስ ነው፤ ጥያቄውን ብትገለብጪው ሌላ። እዚያ ሰፈር መጠየቅ ማለት መንካት ነው። እንዳንቺ ናት፣ በነኳት ቁጥር ጠባይዋ ይለወጣል።»

ልጅቷ ማባዛቱን የተማረችው በነዚያ የተበላሹ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ነው። ስታጠፋ አክስቷ አትቆጣም፤ «ሰንጠረዡን ጠይቂው» ብላ ትተዋታለች።

የመጀመሪያው ቀን ለቅሶ ደራሽ ሲቀንስ አጎትዬው ጠራት። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የእህቱን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው እሱ ነው፣ ከነገ ወዲያ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። መነጽሩን አስተካክሎ ረቂቁን አነበበላት።

«…በዩኒቨርሲቲው ፊዚክስ ክፍል ለሠላሳ አራት ዓመት በታይፒስትነት በታማኝነት አገልግላለች።»

«በታማኝነት! ውሻ ናት እንዴ?»

«አፍሽን!»

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ትጽፍላቸው ብቻ አልነበረም። ታርማቸው ነበር። ይህን ጻፍ።»

አጎትዬው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ መንገዱን የቀየስኩት እኔ ነኝ ብዬ አላውቅም። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ይመጣሉ። በሕዝብ ፊት ‹ማንን ነው ያረመችው?› ቢሉኝ ምን ይውጠኛል? እህቴን በሞቷ መሳቂያ አላደርጋትም።»

«ሙት ይዘህ ሰው ትፈራለህ?»

«ለሙት ነው የምፈራው። ማስረጃ አምጪና አነባለሁ። ካላመጣሽ ታይፒስት ነበረች፤ እሱም አያሳፍርም።»

አያሳፍርም። ግን እውነቱ ግማሹ ነው፤ በግማሽ እውነት መሸኘት ደግሞ ለአክስቷ አይመጥንም።

ፕሮፌሰሩ በማግሥቱ መጡ። ያ ወረቀት ወርዋሪ መምህር ናቸው፤ ዛሬ ፀጉራቸው ነጭቷል፤ ኮታቸው ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ተሰክቷል። ልብስ ሰፊዋ ዘላ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። «እግዜር ያጽናችሁ» አሉ፣ ቡናውን ተቀበሉ፣ ሳይጠጡት አቀዘቀዙት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። የመጽሐፌ ረቂቅ እሷ ዘንድ ነው። ማተሚያ ቤቱ…»

«አውቃለሁ። አመጣዋለሁ።»

ሄዳ የአክስቷን በር አንኳኳች፣ ጥቂት ቆየች፣ ገባች። ፕሮፌሰሩ ዓይናቸው በሩ ላይ ቀረ። ተመልሳ የወረቀቱን ክምር ጉልበታቸው ላይ አኖረችው።

«እስከ ስልሳኛው ገጽ ጽፋዋለች። ስልሳ አንድ ላይ ቆመች።»

«ታመመች እንግዲህ…»

«አልታመመችም። ማክሰኞ ቆመች፤ የሞተችው ረቡዕ ጠዋት ነው። የቆመችው አልጽፍም ብላ ነው። ‹ሐሙስ ጠርቼ አሳየዋለሁ› ስትለኝ ነበር።»

አጎትዬው ቴርሞሱን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ በወረቀት መያዣ የተያያዘች ቁራጭ አለች፤ የአክስቷ እርሳስ፣ ደቃቅና ቀጥ ያለ ጽሕፈት። ፕሮፌሰሩ ገረፍ አድርገው አይተው ፈገግ አሉ።

«ይሄ እኮ የታወቀ ሕግ ነው። ሁለቱ ሰንጠረዦች በዚህ ቅደም ተከተል ከተባዙበት ላይ ተገልብጠው የተባዙበት ሲቀነስ፣ ከላይ ግራ ጥግ እስከ ታች ቀኝ ጥግ በሰያፍ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ይወርዳል። ሌላው ሁሉ ዜሮ ነው።»

«ሕጉንማ ማን ነካው? የእርስዎን ሰንጠረዥ ነው የምለው። ሦስት በሦስት። በመጀመሪያው ቅደም ተከተል ሲባዛ ሰያፉ ላይ ምን ይወጣል?»

እስክሪብቶ አወጡ፤ ለትዕግሥት ሲሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ዜሮ።»

«ሲገለበጥስ?»

«ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት።»

«ይቀንሱታ።»

«አንድ…» አሉ። «አንድ…» ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶው ቆመ።

«ከዜሮ ላይ ሁለት ሲቀነስ ፎቶ ኮፒ ቤት ኔጌቲቭ ሁለት ነው የሚሆነው» አለች ልጅቷ። «ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚባል አላውቅም።»

አንዱ ጎረቤት ሳቁን በሳል ሸፈነው። ፕሮፌሰሩ ግንባራቸውን ጠረጉ።

«የመጀመሪያዎቹን ሦስት ረድፎች ብቻ ነው ያሳየሁት። ሰንጠረዡ ማለቂያ የለውም።»

«ታዲያ ጥጉን ክፍት ይተዉት ነበራ! እርስዎ ‹ሙሉው ሰንጠረዥ ይህ ነው› ብለው ዘግተውታል።» ቁራጯን አንስታ አነበበች። «‹መጨረሻ ያላቸው ሰንጠረዦች በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢባዙ የሰያፉ ድምር እኩል ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ተደምሮ ዜሮ መሆን አለበት፤ ሦስት አንዶች ግን ሦስት ናቸው። መጨረሻ ያለው ሰንጠረዥ ይህን ሕግ አይሸከምም። ጉድለቱ ጥጉ ላይ ይወጣል።›»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስታነብ ሳታስበው ዓይኗ በተከፈተው በር አልፎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ባለ ትራሱ ወንበር ጥጉ ላይ ነው ያለው። ቶሎ መለሰችው።

ፕሮፌሰሩ ቁራጯን ተቀብለው ራሳቸው አነበቧት። «ለሰው ሁሉ ‹አታስብ› ያልኳት ታይፒስት እያልኩ እየቀለድኩ አወራ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አሥር ዓመት ሆነኝ የጻፍኩትን ደግሜ ሳላነብ መላክ ከጀመርኩ። እሷ ታየዋለች ብዬ። ይህን ግን ለማንም አውርቼ አላውቅም።»

«ለእሷስ?»

ፕሮፌሰሩ የወረቀቱን ክምር ዳር በመዳፋቸው አስተካከሉ።

«መቅድሙ ላይ ለታይፒስቷ ምስጋና…»

«ምስጋናማ ሻይ ላቀረበም ይባላል። መጀመሪያ ስሟን፣ ቀጥሎ ያደረገችውን ይጻፉ። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል፤ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት።»

ፕሮፌሰሩ ቀና ብለው አዩዋት፤ አንድ ጊዜ የተቆጡ መሰሉ። ከዚያ ረቂቁን ገልብጠው መቅድሙ ግርጌ ላይ በእጃቸው ጻፉ፦ ሙሉ ስሟን፤ ከዚያም፣ በስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ የነበረውን ስህተት ያገኘችውና ምክንያቱን ያስረዳችው እሷ መሆኗን። ፈረሙበት።

«የቀረውን ማን ይጽፈዋል?» አሉ።

«እኔ ነኛ። ግን ሳላነብ አልጽፍም።»

«እንደሱ እንዳትዪ ፈርቼ ነበር» አሉና የቀዘቀዘውን ቡና በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሞልቶ ደጁ ድረስ ተቆመ። አጎትዬው ሱፉን ለብሶ ተነሳ። ትውልዷን አነበበ፤ ያሳደገቻትን ልጅ አነበበ፤ «ለሠላሳ አራት ዓመት በታይፒስትነት» ላይ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። ከዚህ በኋላ ያለውን አላነበበውም፤ በቃሉ ተናገረው።

«እህቴ ያልገባትን አትጽፍም ነበር። ልክ ያልሆነውን ደግሞ ጣቷ አልነካም ይላል። ፕሮፌሰሮች የጻፉትን ሒሳብ ታርም ነበር። እኔ ራሴ ይህን ያወቅኩት ከትናንት ወዲህ ነው፤ ቀድሜ ባለማወቄ አፍራለሁ፤ በእሷ ግን እኮራለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረ። ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ልክ ነው» አሉ። ቆመው ቀሩ።

«ምን አደረገች ነው የሚሉት?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ለሹክሹክታ ከመጠን በላይ በጮኸ ድምፅ።

«ፕሮፌሰሩን አርማቸዋለች ነው» አለ ከጎኗ የቆመው ጎረቤት።

«ይኸው! እኔንስ ሱሪ ባሳጠርኩ ቁጥር ልኬቴን ስታርመኝ አልነበር? ጨዋነት ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ!»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ ወጣ። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም፤ አገጯን ቀና አድርጋ፣ የሚያያትን ሁሉ መልሳ እያየች ቆመች።

ከሰዓት በኋላ የተከራዩት ወንበሮች ተጭነው ሄዱ። አጎትዬው ሳሎኑ ውስጥ በተቀመጠበት አንቀላፋ። ልብስ ሰፊዋ ስኒዎቹን አጥባ፣ ሁለቱን ወንበሮች ወደ ቦታቸው መልሳ፣ የአክስቲቱን በር ወለል አድርጋ ትታው ወጣች።

ልጅቷ ረቂቁን ደረቷ ላይ ይዛ መጣች። ስልሳ አንደኛው ገጽ ከላይ ነው። በተከፈተው በር ጠረጴዛው ይታያል፣ ወንበሩ ይታያል፣ የተጠቀለለው የመነጽር መጥረጊያ ይታያል። ማንም የለም። አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የቀራት።

እጇን ሰድዳ በሩን ሳበችና ዘጋችው።

አንኳኳች።

አንድ መስመር ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ጠበቀች፤ ረጅም መስመር። ከዚያ ገባች።