የአቶ እምሩ አፍንጫ

አቶ እምሩ ባክቴሪያን በአፍንጫቸው ይለዩ ነበር። ይህን ያልሰማ የላብራቶሪ ሰው በአራዳ አይገኝም። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ባለው ሆስፒታል ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ፣ ተሐዋስያኑ የሚበቅሉበትን ፕሌት ክዳኑን ገለጥ፣ አፍንጫቸውን ጠጋ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉና «ይቺ የወይን ጠረን አላት፤ የቃጠሎ ቁስል የምታመግለዋ ናት» ይላሉ። ከሁለት ቀን በኋላ የሚወጣው ውጤትም እሳቸው ያሉት ሆኖ ያርፋል። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ «ማሽኑን ተዉትና ጋሽ እምሩን ጥሩ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ለተኪዳንን ሥራ ያስለመዷት እሳቸው ናቸው፤ ማሽተቱንም ጭምር። ፕሌት ማሽተት ክልክል እንደሆነ በትምህርት ቤት ተነግሯታል፣ ለፈተናም አጥንታዋለች። ነገር ግን የምትወደው መምህር በየቀኑ ሲያደርገው እያየች የትኛው መጽሐፍ ትዝ ይላታል? በሰባት ዓመት ውስጥ እጇ ክዳን ሲገልጥ አፍንጫዋ ሳታዘው ይከተላል።

የዚያን ማክሰኞ ጠዋትም እንዲሁ ሆነ። አንድ ወር ሙሉ ትኩሳት አልለቀው ያለ ሰው ደም ነበር የተዘራው። ከደሙ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ «ትኩሳት» ከሚል ቃል በቀር ምንም አልተጻፈም፤ ሐኪም ሲቸኩል ወረቀት ጦሟን ታድራለች። ፕሌቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች በቅለዋል። አሸተተችው፤ ምንም። ምንም ስላልሸተታት ደግማ፣ ጠለቅ አድርጋ ሳበችው።

ከዚያ ቀለም ቀብታ በማይክሮስኮፕ አየችው። የተበተነ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ፣ ቀይ፣ ሚጢጢ ፍሬ። ሌላ ምርመራ ሠራች፤ ቢጫው ፈሳሽ ሻይዋን ፉት ብላ ሳትጨርስ ሮዝ ሆኖ ጠበቃት። ስሙን በልቧ ጠራችው እንጂ ጮክ ብላ ልትለው አልደፈረችም። ቀጥ ብላ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ወጣች።

በሽተኛው ጋሽ የሲን የሚባሉ የሱሉልታ ወተት ሻጭ ናቸው። ላብ አጥምቋቸው ተኝተዋል።

«ከብት አለዎት እንዴ?» አለቻቸው።

«አለኝ እንጂ ልጄ፣ የወተት ላሞች። ዘንድሮ ግን ክፉ ዘመን መጣብኝ፤ ሦስቱ ጨነገፉ።»

«ሲጨነግፉ ማን ነበር የሚያወጣላቸው?»

«እኔ ነኛ! በነዚሁ እጆቼ።»

ለተኪዳን የአልጋውን ብረት ያዘች።

ብሩሴላ ይባላል። ላም ማህፀን ውስጥ ይሰፍርና ጥጃውን ያስጥላታል። ሰው ላይ ሲገባ በላብና በትኩሳት ያንገላታል፤ የነፍሰ ጡር ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ ጽንሱን ሊያስወርድ ይችላል። ለመግባት ጥቂት ፍሬ ይበቃዋል፤ በትንፋሽ ይገባል። እሷ ሁለቴ ስባዋለች። ለተኪዳን ደግሞ የስምንት ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት።

ይህን ከባሏ ከሉልሰገድ በቀር ማንም አያውቅም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ፣ ሁለቱንም ጊዜ ደስታውን መያዝ አቅቷት ለዘመድ ለወዳጅ ስትናገር ሦስተኛ ወር ላይ ወርዶባታል። እናቷ ከአዲግራት ደውላ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሆድሽ ራሱ እስኪናገር አንቺ ዝም በይ» ብላ አስምላታለች። ሳይንስ ተምራ ይህን ታምናለች ወይ ለሚል፣ ሁለት ልጅ ያጣች ሴት የማታምነው ነገር የለም።

ለጋሽ የሲን ትክክለኛው መድኃኒት የዚያኑ ዕለት ተጀመረላቸው። ከሰዓት በኋላ የኢንፌክሽን ቁጥጥር ኃላፊዋ ዶክተር ዊንታ የላብራቶሪውን ሰው ሁሉ ሰበሰበች። ፕሌቱ ሲከፈት ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አቶ እምሩና ለተኪዳን ሁለት ዓይነት እንክብል ለሦስት ሳምንት እንዲውጡ አዘዘች። ከዚያም አምስት ሰው ፊት፣ እንደ ዋዛ «ነፍሰ ጡር አይደለሽም መቼም ለተኪዳን?» አለቻት።

«አይደለሁም» አለች።

ቃሉ እንዴት እንደወጣ አታውቅም። አውጥታ ልትመልሰው ፈለገች፤ አምስቱም ሰው ያያት መሰላትና እንክብሎቹን ተቀበለች።

እንክብሎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ይዛቸው ትዞር ጀመር። አንደኛው የጽንስን አጥንትና ጥርስ እንደሚያበላሽ ታውቃለች። ሁለተኛውን ብቻ ልዋጥ ብላም ነበር፤ ግን እሱስ ምን እንደሚያደርግ ማንን ትጠይቅ? መጠየቅ መናገር ነው። ብትውጥ ልጇን ልትጎዳው፣ ባትውጥ ባክቴሪያው ሊቀድማት። ከምኒልክ አደባባይ ባቡር ስትሳፈር ግንባሯን ትዳብሳለች። ሉልሰገድ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሱቁ ደውሎ «እንዴት ዋላችሁ?» ሲላት፣ ጽንሱንም የቆጠረውን ያን «ችሁ» ሰምታ ስልኩን ቶሎ ትዘጋለች። ቴርሞሜትር ኪሷ ውስጥ አኑራ በየሰዓቱ ሽንት ቤት ገብታ ትለካለች። ሠላሳ ስድስት ከሰባት። ሠላሳ ስድስት ከዘጠኝ። ሠላሳ ሰባት ሲላት ግድግዳ ተደግፋ እስክትረጋጋ ትቆማለች። ፈርታለች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

አቶ እምሩ በበኩላቸው መድኃኒታቸውን እየዋጡ ይቀልዳሉ። አንደኛው እንክብል ሽንትንም ላብንም እንባንም ብርቱካናማ ያደርጋል። «ሚሪንዳ ፋብሪካ ከፍቻለሁ» ይላሉ። «ያንቺስ እንዴት ነው?»

«ያው ነው ጋሼ።»

በስድስተኛው ቀን ወገቧን ቆረጣት። ምናልባት ብዙ ስለቆመች ይሆናል፤ እሷ ግን አበቃ አለች። የዕቃ ማጠቢያው ጋ ሄዳ ፊቷን ቁስል በሚታሸግበት ነጭ ጨርቅ ሸፍና አለቀሰች። አቶ እምሩ ከኋላዋ መጥተው እርጥቡን ጨርቅ ከእጇ ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። የራሳቸውን መሐረብ ከኪሳቸው አወጡ፤ ጫፍ ጫፉ ብርቱካናማ ሆኗል። የእሷ ነጭ ነው።

«አልዋጥሽም» አሉ።

ለተኪዳን ጨርቁን መልሳ ነጠቀቻቸው።

«ለቴ፣ ስንት ወርሽ ነው?»

ሰውየው የላብራቶሪ ሰው ናቸው፤ ሁለት ነገር ካዩ ሦስተኛውን ያውቁታል። ለተኪዳን ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «እባክዎ አይናገሩብኝ» አለች። «ከተነገረ ይወርዳል።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ልጄ። ተነሺ።» ክንዷን ይዘው ሁለት ፎቅ አወጧትና ዶክተር ዊንታ በር ላይ አቆሟት። መናገሩን ግን ለራሷ ተዉት።

ዶክተር ዊንታ አልተቆጣችም። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አምስት ሰው ፊት ይጠየቃል እንዴ?» ብላ የማህፀን ሐኪም ጠራች፤ ሁለቱ ተመካክረው ጽንስን የሚጎዳውን አስቀርተው ሌላውን ብቻ አዘዙላት። ስድስት ቀን ግን ባክኗል። ስድስት ቀን ለዚያ ባክቴሪያ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ሁለቱም ሐኪሞች «እንጠብቅ» አሏት።

ጠበቀች። መድኃኒቱ አለቀ። አሽትታው ስድስት ሳምንት ሲሞላ የደም ምርመራው ቀን ደረሰ። ምርመራው ቀላል ነው፤ ነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ጠብታ ከደም የተለየ ጥርት ያለ ውኃ፣ አንድ ጠብታ ሮዝ ፈሳሽ፣ ከዚያ አራት ደቂቃ ማወዛወዝ። ፈሳሹ እንደተልባ ለስልሶ ከቆየ ደኅና ነው። እንደረጋ ወተት ከተቆራረጠ ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። አቶ እምሩ የጋሽ የሲንን ለማነጻጸሪያ፣ የራሳቸውንና የእሷን አስከትለው ጠብታ ጠብታ አደረጉ። ሰሌዳውን ያወዛውዙ ጀመር። የጋሽ የሲን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተቆራረጠ። ለተኪዳን ዓይኗን ከሦስተኛው ጠብታ አልነቀለችም።

«እንቁ የምትባል ልጅ ነበረች» አሉ አቶ እምሩ ቀና ሳይሉ። «አንቺ ከመምጣትሽ በፊት። አሥራ ስድስት ዓመት ይሆነዋል።»

«አሁን ምን ያስወራዎታል ጋሼ?»

«አሁን ካላወራሁት አላወራውም። እኔ ነኝ ማሽተት ያስተማርኳት። እንዲህ አሸዋ የመሰለ ነገር በቀለላትና አሽትታ አመጣችልኝ፤ ምንነቱን ሳንለይ ጣልነው። በወሩ ትኩሳት ያዛት። የአምስት ወር ጽንስ ነበራት፤ ወረደ። ከባድ ዕቃ ስላነሳሁ ነው፣ ራሴ ነኝ የገደልኩት ብላ ሥራውን ጥላ ሄደች።»

«እርስዎ ምን አሉ?»

«ምንም።»

«ያውቁ ነበር?»

እጃቸው ሰሌዳውን ያወዛውዛል። «ጠርጥሬ ነበር።»

«ጠርጥረው እኔንም አስተማሩኝ?»

አሥራ ስድስት ዓመት ደብቀውታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የተወደሰ አፍንጫ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አቅቶት ነበርና። ሰዓቱ ጮኸ።

ሦስተኛው ጠብታ ለስላሳ ነው። ለተኪዳን ሰሌዳውን ከእጃቸው ወስዳ ወደ መብራቱ አዘነበለችው፤ ደግማ አዘነበለችው። ለስላሳ ነው። ገና ሦስት ምርመራ ይቀራታል፤ የመጨረሻው ከመውለጃዋ ብዙም አይርቅም። ቢሆንም ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሆዷን በሁለት እጇ አቀፈች። አቶ እምሩ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሊያቅፏት ጎንበስ አሉ። እጇን ዘርግታ ደረታቸው ላይ አቆመቻቸው።

«እንቁ አሁን የት ናት?»

«ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ልብስ ትሰፋለች። ሳያት መንገድ እቀይራለሁ።»

«ይሂዱና ያስወረደሽ ዕቃው አይደለም ይበሏት።»

«ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ?»

«ዛሬ ጋሼ። አሁን። ገና ራሷን እየወቀሰች ይሆናል።»

አቶ እምሩ ወንበሩን ይዘው ቆሙ። ፊታቸው ላይ ለተኪዳን ስድስት ሳምንት በመስታወት ያየችው ፍርሃት ነበር። «ምን ብዬ ልጀምር?» አሉ።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብለው።»

አቶ እምሩ ጋውናቸውን አውልቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉና በሩን ከፈቱ።