ሾላው ውስጥ ያለችው

ቦልቴ ያን ሰሞን ሥራ መሥራት አቅቶት ነበር። ምክንያቱ ወፍ ናት ቢባል ማን ያምናል!

ኢሕአዴግ በገባ በአራተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ወላይታ ውስጥ፣ ከገሱባ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው ማሳው ዳር፣ ከጥንቱ ጫካ የተረፈ አንድ ትልቅ ሾላ ቆሟል። ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው። እዚያ ውስጥ ከእርኩም ወገን የሆነች የጫካ ወፍ ገብታ በሯን በጭቃ መርጋለች፤ ጭቃውን በጉሮሮው እያመላለሰ ያቀበላት ባሏ ነው። የቀረቻት ጣት የማታስገባ ስንጥቅ ብቻ ናት፤ የምትጎርሰውም በእሷ በኩል ነው። ወንዱስ ብትሉ! ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ጉንጩ ብርማ፣ በምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበ የሚመስል። ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ጉሮሮውን በሾላ ፍሬ ሞልቶ ይመጣና አንድ በአንድ እያወጣ ያጎርሳታል። ቦልቴ ኩትኳቶውን ትቶ ሁለት ወር ሙሉ ይህንኑ ሲያይ ከረመ። በቅርቡ ደግሞ ከውስጥ የጫጩት ድምፅ ተጨምሯል፤ ደስታውን አልቻለውም።

ጣጣው፣ ዛፉ የአባቱ ዛፍ መሆኑ ነው። አባቱ ጠንቋይ ነበሩ፤ ከሥሩ በግ ያርዱ ነበር። ቦልቴ ጌታን ከተቀበለ ገና ስድስት ወሩ ነው፤ ሊጠመቅ የቀረው አንድ እሑድ። መንደሩ ግን አሁንም «የጠንቋዩ ልጅ» ይለዋል።

ሐሙስ ዕለት የአማኞቹ ጉባኤ ሽማግሌ ኤርሳዶ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አስከትለው መጡ።

«ወንድም ቦልቴ፣ ይኼ ዛፍ ያቃስታል አሉ። ከሥሩም ፍሬ ተበትኖ አየን። ማነው የሚቀልበው?»

ቀልቡ ተገፈፈ። ወፍ ናት ብል፣ አለ በልቡ፣ የአባቱን መንፈስ ይደብቃል ይሉኛል፤ ጥምቀቴም ይቀራል።

«እኔ እንጃ» አላቸው። አይ ቦልቴ!

«እንግዲያው አንተው ጀምር» አሉት። ልማዳቸው ነው፤ የአባትን ዛፍ መጀመሪያ የሚመታው ልጅ ነው። መታ። ከውስጥ ጩኸት ተነሣ፤ ሰዎቹም መንፈሱ መስሏቸው የጀመሩትን መዝሙር ጮክ አደረጉት። ቦልቴ እያለቀሰ ቆረጠ። የንስሐ እንባ መሰላቸውና «ተመስገን!» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሾላው ወደቀ። ጭቃው ሲፈርስ እናትየዋ ተጨፍልቃ ታየች። ላባው ያልሞላ ጫጩቷ ጥቂት ተንፈራገጠና ዝም አለ።

ወዲያው ወንዱ መጣ። ጉሮሮው ሞልቷል። ቀዳዳው በነበረበት ከፍታ ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ጮኸ። ኋላ ግንዱ ላይ አረፈና አንዲት ፍሬ አውጥቶ ምንቃሩን ወደ ፈረሰው ጭቃ ሰደደ።

መዝሙሩ ተቋረጠ። ኤርሳዶ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወፍ ናት እንዴ? ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ? ብትነግረን እኮ ልጇን እስክታወጣ እንጠብቅ ነበር!»

«ፈራኋችሁ» አለ ቦልቴ።

እሑድ ለጥምቀት ስሙ ሲጠራ አልተገኘም።