የእማማ ውዴ ልጅ ቢሮ

እማማ ውዴ የልጃቸው የአሳምነው ጸሐፊ አድርገውኝ ነበር። እኔ ልዕልት የማንም ጸሐፊ አይደለሁም። ላስ ቬጋስ ውስጥ ጠረጴዛ በወር የሚከራይበት የጋራ ቢሮ ኃላፊ ነኝ፤ ቁልፉም ቡናውም ዋይፋዩም በእኔ እጅ ነው። አሳምነው ደግሞ መስኮቱ ሥር አንዲት ጠረጴዛ ተከራይቶ፣ ለሹሩባ ሠሪዎች ቀጠሮ የሚይዝ አፕ የሚሠራ ደንበኛዬ ነው።

በየጠዋቱ ጅማ ላሉት እናቱ በቪዲዮ ይደውላል። መጀመሪያ ቀን ከጀርባው ላፕቶፕ ላይ ያጎነበሰውን ሰው ሁሉ ሲያዩ፣ «ይኼ ሁሉ ሠራተኛ ያንተ ነው?» ብለው እልል አሉ። እሱ፣ ሞኙ፣ «አይደለም» ማለት አቃተው። ከዚያ ወዲያ «ጸሐፊህን አቅርብልኝ» ሆነ። የኮሮና ጊዜ ነውና ጭምብሌን ዝቅ አድርጌ እቀርባለሁ። «ምሳ ሳይበላ እንዳይውል፤ ሠራተኞቹንም እግዜር ይባርክልኝ» ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። ኋላ ግን ሳይጠሩኝ የቀሩ ቀን ቅር ይለኝ ጀመር።

ካዚኖዎቹ እንደገና መሙላት በጀመሩበት ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ ጋሽ ዘውገ በቢሮው ስልክ ደወሉ። ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ ዘ ስትሪፕ ላይ፣ ሆቴል በር የእንግዳ መኪና ፓርክ የሚያደርጉ የአሳምነው አገር ሰው ናቸው።

«ልዕልት፣ አሳምነው እዚያ ነው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«እንዳይነቃብሽ። እናቱ ዐርፈዋል።»

ትናንት እኮ መርቀውኛል፤ ዛሬ ገና አልደወለላቸውም።

«ሺፍቴን ሰው አስይዤ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ እንዳይሰማ፣ አደራ። የአክስቱ ልጆች ፌስቡክ ላይ ለጥፈውታል።»

መርዶ ወጉ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ሰው ዙሪያውን ከቦ ደግፎ ነው። ፌስቡክ ግን ወግ አያውቅም። ልጁ ብቻውን ተቀምጦ፣ ስልኩን በጣቱ ገፋ ሲያደርግ የእናቱን ፎቶ ከነ«ነፍስ ይማር»ው ሊያገኘው ነው። ቀና ብዬ አየሁት። የሚጽፈውን ጨርሶ እጁን ወደ ስልኩ እየሰደደ ነበር።

የዋይፋዩ ራውተር ወዳለበት ጓዳ ሮጥኩና ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩት።

ሕንፃው ድሮ ባንክ ስለነበር ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ውስጥ ሆኖ ያለ ዋይፋይ የእጅ ስልክ አይሠራም። ስንት ጊዜ የረገምኩት ግድግዳ ያን ቀን ዘመዴ ሆነ።

ወዲያው ቤቱ ተንጫጫ። በኢንተርኔት ዮጋ የምታስተምረው ፈረንጅ፣ ተማሪዎቿ አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ስክሪኑ ላይ ደርቀው ቀሩባት። «እየተስተካከለ ነው» አልኩ ለሁሉም፣ ዓይኔን ሳላሽ። የምፈራው አሳምነው ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነበር። እሱ ግን ሰው ሲቸገር እያየ ጥሎ የሚወጣ ሰው አይደለም።

«ሪስታርት አደረግሽው?» አለኝ መጥቶ።

«አድርጌዋለሁ።»

«እስቲ እኔ ቼክ ላድርግልሽ።»

«ተወው፣ ባለሙያ ጠርቻለሁ።»

«ለዚች ደግሞ ባለሙያ ይጠራል?» ብሎ እየሳቀ ወደ ጓዳው ገባ። ውሸቴ አልቆ ነበርና ተከተልኩት።

ተንበረከከና ገመዱን ወለሉ ላይ አገኘው። አንሥቶ ወደ ሶኬቱ ካስጠጋው በኋላ እጁ ቆመ።

«ልዕልት፣ ይኼ እኮ ሰው ነቅሎት ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። አላለቅስም ብዬ ነበር፤ ጭምብሌ ግን በእንባ ርሶ ነበር። ከዚያ ዓይኑ እኔን አልፎ፣ በጓዳው በር በኩል ወደ መግቢያው መስታወት ሄደ። ጋሽ ዘውገ የሥራ ቀይ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከመኪና እየወረዱ ነው። በሥራ ሰዓት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሳይደውሉ ለምን እንደሚመጡ አበሻ ሁሉ ያውቃል።

አሳምነውም አወቀ። ከንፈሩ «እማዬ» ያለ መሰለኝ። ገመዱን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«አትሰኪው» አለኝ። «ገብተው ይንገሩኝ።»

ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው እጁን አጣጥፎ ጠበቃቸው። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ቆሙለት። ጋሽ ዘውገ ትከሻውን ይዘው ነገሩት። ያን ጊዜ ጮኸ፤ እነሱም ያዙት።

የዮጋዋ ሴትዮ ደንግጣ ወደ እኔ መጣች። ነገርኳት። ምን ላድርግለት ብላ ብትጠይቀኝ፣ «እኛ ዘንድ አብሮ መቀመጥ ብቻ ነው» አልኳት። ላፕቶፗን ዘግታ፣ ወንበሯን ጎትታ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወንበራቸውን እያመጡ ዙሪያውን ሞሉት። ስለ ዋይፋዩ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ለቅሶ የሚደርሰውን ለመቀበል በሩ ላይ ቆምኩ።

ጋሽ ዘውገ ፊታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ወደ እኔ መጡና ፈረንጆቹን ባገጫቸው አሳዩኝ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ሠራተኞቹ ናቸው» አልኳቸው።