አሚን የሚጋጭበት መስመር

ሐጂራ ታላቅ ወንድሟን በቪዲዮ ጥሪ ግድግዳ ሙሉ ሆነው ስታያቸው እጇ አፏ ላይ ቀረ። "ሱብሃነላህ!" አለች ጮክ ብላ። ወንድሟ ሼህ እንድሪስ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ የእህታቸው ልጅ ቤት፣ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እሷ ዱባይ አጠገብ፣ አጅማን ከተማ፣ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ባለ የኪራይ አዳራሽ ቆማለች። በመካከል ባሕሩ አለ፣ በረሃው አለ፤ ግን የጢማቸው ሽበት ዘለላ በዘለላ ይታያታል። በስልክ ሲያወሩ አውራ ጣት አያክሉም ነበር። እንዲህ ገዝፈው ሲመጡባት፣ በሩን ከፍተው የገቡ ይመስል፣ ሻሿን አስተካከለች።

የሼሁ ልጅ የሰሚያና የጀይላን ጋብቻ በወረቀት ካለቀ ሰንብቷል። የቀረው የአባት ምርቃት ነው። የቀረው ሲሉት ቀላል ይመስላል! ወሎ ያደገ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ያልተመረቀ ትዳር ጣሪያ የሌለው ቤት ነው። ሙሽራዋ ሰሚያም ከጧት ጀምሮ ቁርጡን ተናግራለች። "አባዬ ሳይመርቀኝ ከዚህ አዳራሽ አልወጣም። ኸላስ!" ዱባይ አምጥታ፣ ሥራ አስገብታ፣ እንደ እናት የያዘቻት አክስቷ ሐጂራ ናትና ይህ ግትርነት ከየት መጣ ተብሎ አይጠየቅም።

ምርቃቱ ለሌላ ቀን እንዳይባል ሼህ እንድሪስ ከሆስፒታል የወጡት ገና በቅርቡ ነው። ልባቸው ደክሟል፣ ትንፋሻቸው አጥሯል። ሐኪሙ ወሬ አያብዙ ብሏል። ነገ ይመርቃሉ ብሎ በሙሉ አፉ የሚናገር ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

የሼሁ አመራረቅ ደግሞ የራሱ ወግ አለው። አንዷን ይላሉ፣ ይቆማሉ፣ "አሚን!" እስኪባል ይጠብቃሉ። አሚኑ ካልተሰማቸው ወደ ሁለተኛዋ አይሻገሩም፤ ከመጀመሪያው ይነሳሉ። "አሚን ያላገኘ ምርቃት መሬት ይወድቃል" ይላሉ። አገር ቤት እያሉ ሰው ከሩቅ ቀበሌ በበቅሎ እየመጣ የሚወስዳቸው በዚሁ ጥንቃቄያቸው ነበር።

እጃቸውን ዘረጉ። መስመሩ እንዳይጨናነቅ ብሎ ሚዜው ፋሩቅ የአዳራሹን ካሜራና ድምፅ ዘግቶ፣ አሚን ሲደርስ ሊከፍት ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆሟል።

"ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ!" አሉ ሼሁ፤ ድምፃቸው እንደ ውሃ ጠርቶ መጣ።

ፋሩቅ ከፈተ። "አሚን!" አለ አዳራሹ በአንድ አፍ።

ወዲያው የሼሁ ፊት ተቆራረጠ። ዐይናቸው አንድ ቦታ፣ ጢማቸው ሌላ ቦታ ሆኖ ደርቆ ቀረ። ሲመለሱ ጆሯቸውን በእጃቸው ከልለው ያዳምጣሉ። "አ... አ... ብቻ ነው የምሰማው። ሰው የለም እንዴ?" አሉና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አሁንም አሚን ሲባል ደረቁ። ሦስተኛ ሲጀምሩ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።

"በስልክ ይሁና!" አለች ሐጂራ። ምድር ቤቱ ደግሞ ስልክ አይሠራበትም። ሰሚያ የሙሽራ ልብሷን ሰብስባ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ መንገድ ዳር ቆማ ደወለች። ስትመለስ ዐይኗ ቀልቷል። "ብቻሽን ቆመሽ አልመርቅሽም አለኝ። አሚን የሚለው ወገንሽ የታለ አለኝ።"

ይኼኔ ሙሽራው ጀይላን ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና ጠረጴዛው ስር ገባ።

"ዋላሂ ይኼን ላይ ደረስኩ!" አለች ሐጂራ። "አንተ ሙሽራ ነህ ወይስ የቀን ሠራተኛ? ውጣና ተቀመጥ! ሰው ምን ይላል?"

"አክስቴ፣ ሹግሌ እኮ ነው፤ ትንሽ ይታገሱኝ" አላት ከጠረጴዛው ስር። እውነቱን ነው፣ ሥራው ይኼው ነው፤ ሻርጃ ውስጥ የየቢሮውን ኔትወርክ የሚዘረጋ ድርጅት ባልደረባ ነው። ኬብሉን በጣቱ እየዳበሰ ተከተለው። የወንበር እግር የቆመበት ቦታ አገኘና "ይቺ ናት!" ብሎ በአዲስ ቀየረው። ሼሁ ጀመሩ፣ አዳራሹ አሚን አለ፣ ሼሁ ደረቁ። ሐጂራ ተንጨረጨረች።

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም አሉ!"

ጀይላን ከጠረጴዛው ስር ወጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር ገጽ ከፍቶ ወደ ራውተሩ ገባ። ራውተሩ ፎቅ ላይ፣ የዘበኛው ቢሮ ውስጥ ያለ፣ ኢንተርኔት የሚያድል ሳጥን ነው፤ ከእሱ አንድ ኬብል ወደ ምድር ቤቱ ይወርድና ስዊች የሚሏት ትንሽ ሳጥን ላይ ይሰካል። የአዳራሹ ዕቃ ሁሉ ከእሷ ነው የሚቀጠለው። ጀይላን አንዲት ቁጥር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ይቺን ያዩልኛል አክስቴ? ግጭት ትቆጥራለች። የሚሄደውና የሚመጣው እዚያ ኬብል ላይ ሲላተሙ ከፍ ትላለች። እኔ አማቴን ላዳምጥ፣ እርስዎ ዐይንዎን ከእሷ እንዳይነቅሉ።"

ሐጂራ ተጎንብሳ አፈጠጠች። ወንድሟ ሲናገሩ ቁጥሯ ዝም አለች። አዳራሹ "አሚን!" ሲል ግን ቁጥሯ እንደ ፌንጣ ዘለለች። አሚኑ ሲያበቃ ቆመች። ሐጂራ ክንዷ ላይ ያለው ጠጉር ሁሉ ተነሣ። ዕድሜዋን ሙሉ አሚን ስትል ኖራለች፤ አሚን ከአፍ ወጥቶ በሆነ መንገድ እንደሚሄድ፣ መንገድ ላይም ከሌላ ነገር ጋር ሊላተም እንደሚችል አስባ አታውቅም።

"አጂብ ነው! የእኛ አሚን ነው እንዴ የሚጋጨው?"

"የእኛ አሚንና የእሳቸው ድምፅ" አለ ጀይላን። ከዚያ በድንገት ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ያ አላህ! እኔው ነኝ!"

"ምን አደረግህ?"

"ጧት ስመጣ... ለአማቴ ክብር ብዬ። መንገዱ ሙሉ ይሁንላቸው ብዬ ስዊቿን በራሷ እንዳትወስን በእጄ አሰርኳት። 'እየተናገርሽ ስሚ፣ ተራ የለም' አልኳት። ራውተሩ ይከተላታል ብዬ ተውኩት።"

"ታዲያ?"

"በእጅ የታሰረ ዕቃ ለጎረቤቱ አይነግርም፣ አክስቴ። ሁለቱም ቢተዉ ኖሮ ተነጋግረው ይስማሙ ነበር። ራውተሩ ስላልተነገረው ተጠነቀቀና 'አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም' የሚለውን ሕግ ይዞ ተቀመጠ። እሷ ሳትጠብቅ ትናገራለች፤ እሱ 'ተጋጨሁ' ብሎ የያዘውን ድምፅና ምስል ይጥላል።" ላቡን ጠረገ። "ሥራ ቦታ ይህን ባደርግ አለቃዬ ያባርረኝ ነበር።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለች ሐጂራ፤ ግን ቁጣዋ የት እንደገባ አላወቀችም። ሁለት ሳጥኖች እንደ ሰው ሳይነጋገሩ ቀርተው ይቀያየማሉ! ለአማቱ ክብር ብሎ ያጠፋ ልጅ ላይስ ምን ይጮኻል?

ጀይላን ስዊቿን ፈታትና ሁለቱ ራሳቸው እንዲስማሙ ተዋቸው። ግድግዳው ጨለመ። መልሶ ሲበራ ሼህ እንድሪስ ከትራሱ ዝቅ ብለዋል፤ ዐይናቸው ተከድኗል፤ ደረታቸው ይርገበገባል። ጀይላን ቁጥሯን ወደ ዜሮ መለሳትና የአዳራሹን ካሜራና ድምፅ ክፍት አደረገ።

"እሳቸውን ከማድከማችን በፊት እንሞክረው። እስቲ ሁላችሁም አንድ ጊዜ አሚን በሉልኝ።"

ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በምን ላይ ነው አሚን የምንለው ልጄ? በሽቦ ላይ?"

እውነታቸውን ነው፤ አሚን ለሙከራ አይባልም። ዱዓ ያስፈልጋል። ታላቅ ባለበት ደግሞ ታናሽ አይመርቅም፤ ሐጂራ ወንድሟ ባሉበት አንድም ቀን እጇን ዘርግታ አታውቅም። ዞራ ሰሚያን አየቻት። ልጅቷ ከግድግዳው ላይ ዐይኗን ሳትነቅል የአባቷን ትንፋሽ ትቆጥራለች። ሐጂራ እጇን ዘረጋች።

"የታመመውን ያሽርልን!"

"አሚን!" አለ አዳራሹ።

ምስሉ አልደረቀም። ቁጥሯ ዜሮ ላይ ናት። ከአዳራሹ አሚን ጋር እኩል፣ ከላዩ ላይ፣ ቀጭንና የተቆረጠ ነገር የሌለው ሌላ አሚን ገባ። ሼህ እንድሪስ ዐይናቸውን ገልጠዋል።

ሐጂራ ደነገጠች፤ እጇን ሰበሰበች። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ! መስመሩን ልንሞክር ብለን ነው እንጂ... ይኸው ተስተካክሏል፤ አሁን እርስዎ ይመርቁ።"

ሼሁ ሊናገሩ ሞከሩ። ትንፋሽ አጠራቸው፣ ቆዩ፣ እንደገና ሞከሩ። የእህታቸው ልጅ ውሃ አቀረበላቸው፤ በእጃቸው ገፉት።

"እየደጋገምኩ ስጀምር ትንፋሼን ጨረስኩት፣ ሐጂሬ" አሉ። "የቀረኝ ትንፋሽ ለአሚን ይበቃል። ልጄን አንቺ መርቂልኝ። አሚኑ የኔ ነው።"

ሐጂራ እንቢ ልትል ነበር፤ ወንድሟን በሕይወቷ እንቢ ብላ ስለማታውቅ አፏ አልታዘዘም። ሰሚያ መጥታ እግሯ ስር ተንበረከከች፤ ጀይላንም ኮት አልባ እንደሆነ አጠገቧ።

"ውላችሁ ግቡ" አለች ሐጂራ። የራሷን ድምፅ አላወቀችውም።

"አሚን!" አለ አጅማን። "አሚን" አሉ ሼሁ ከኮምቦልቻ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ፣ ማንም ማንንም ሳይጥል።

"አላህ ከልጅ ልጅ ያድርሳችሁ።"

"አሚን!"

ሰሚያ ቀና አለችና ግድግዳው ላይ ያለውን የአባቷን እጅ አየች። እንደ መራቂ አልነበረም የተዘረጋው፤ መዳፉ ወደ ላይ፣ እንደ ተመራቂ ነበር። "አክስቴ፣ አታቁሚ" አለች በሹክሹክታ። "የአባዬን አሚን እየሰማሁት ነው።"