ፎልደሩ እስኪከፈት

የቢሮ ሰው ኮምፒውተሩ እንቢ ሲለው መጀመሪያ የሚወቅሰው እኔን ነው፣ ቀጥሎ መብራቱን። ራሱን የወቀሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ዲላ ከተማ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ስጠግን ዓመታት አለፉ፤ ስድቡን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም ሳልሰደብ የዋልኩ ቀን የሠራሁ አይመስለኝም።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ሐሳቤ ሥራው ላይ አልነበረም። እናቴ ሐዋሳ ሆስፒታል ተኝታለች። አብራት ያለችው እህቴ ሮሆቦት ከማታ ጀምሮ ስልክ አታነሳም። ቦርሳዬን እንደያዝኩ አለቃዬ አቶ ከፈለኝ ዘንድ ገባሁና «ሐዋሳ ደርሼ ልምጣ» አልኳቸው።

ከወረቀታቸው ቀና አላሉም። «ትሄዳለህ። ግን መጀመሪያ የጋራ ፎልደሩን ክፈትልን። ሪፖርቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ዛሬ መላክ አለበት።»

የጋራ ፎልደር የምንለው ሁላችንም ከየጠረጴዛችን በኔትወርክ የምንገባበት የፋይል ማስቀመጫ ነው፤ ያለው ዋናው ኮምፒውተር ላይ ነው። ከሻይ ሰዓት በፊት እጨርሳለሁ ብዬ ቦርሳዬን በሩ ሥር አስቀመጥኩ።

ከመዝገብ ቤቷ ከእትዬ አትጠገብ ጀመርኩ። ኮምፒውተራቸው ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ሲሰጡት ደግሞ ስህተት ነው ይላል። ባየው ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ፓስወርድ በአማርኛ ፊደል ሲጽፉ ኖሯል። ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ «መጀመሪያ ኪቦርድህን እይ» እያሉ የሚያስተምሩት እኮ እሳቸው ናቸው። ልቀልድባቸው አስቤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

«ቁርስ በልተሃል ሲላስዬ?» አሉኝ።

«አላሰኘኝም።»

ገና ከወንበሩ ሳልነሳ በዛብህ ከሒሳብ ክፍል ጠራኝ። የሱ ኮምፒውተር ደግሞ ዋናውን ጭራሽ አላገኘሁትም ይላል። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ አየሁ፤ የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሏል። «አይጥ ይሆናል» አለ። አይጥ ገመድ ይቆርጣል እንጂ አይነቅልም። በሌላ ቀን ቢሆን በዛብህ «ይሄ ኔትወርክህ እንዳንተው ሰነፍ ነው» ብሎ ነበር የሚቀበለኝ። ያን ቀን ግን ፍርፍር አስመጥቶ «ብላ መጀመሪያ» ብሎ አጠገቤ ቆመ። በላሁ። ምን ምን እንደሚል አላስታውስም።

ገመዱን ሰክቼለት ስመለስ እትዬ አትጠገብ ተዘግቶባቸዋል፤ ፓስወርድ ደጋግመው ሲሳሳቱ ሲስተሙ አያስገባም። ከፈትኩላቸው። ወዲያው የአቶ ከፈለኝ ተዘጋ። የሳቸውን ስከፍት የሁሉም ጠፋ። እህቴ ጋ ደወልኩ፤ አሁንም አታነሳም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድም ሰው አልሰደበኝም።

የሁሉም ከጠፋ ችግሩ መስመሮቹ የሚገናኙበት ሳጥን ላይ ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ሄድኩ። ከዋናው ኮምፒውተር የሚመጣው ገመድ ከሳጥኑ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ይህ ገመድ በራሱ አይወጣም፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ምላስ በጣት ተጭኖ የሚስበው ሰው ይፈልጋል። የክፍሉ ቁልፍ ያለው እኔና አቶ ከፈለኝ ዘንድ ብቻ ነው።

የበዛብህ አባት ወርቃ በሚባለው ገጠር የሞቱ ጊዜ በዛብህን ያቆየሁት እኔ ነበርኩ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው እህል ቀምሶ፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚነገረው። «አደራ፣ ዘመዶቹ እስኪደርሱ እንዳይሄድ» ተባልኩና ደህናውን ፕሪንተር ፈታትቼ ብሎኑን እያስያዝኩት ዋልኩ። ያኔ ደግ ሥራ ነበር፤ አሁን የነሱም ደግ ሥራ ነው።

አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። ደረቴ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ይህን ገመድ ከሰካሁት ፎልደሩ ይከፈታል፤ ከተከፈተ የሚያቆዩኝ ምክንያት ያልቅባቸዋል። ካልተከፈተ ግን እናቴ ሐዋሳ ተኝታለች። የገመዱን ሌላውንም ጫፍ ከዋናው ኮምፒውተር ነቀልኩና እጄ ላይ ጠቀለልኩት።

ወደ እትዬ አትጠገብ ተመለስኩ። «እስቲ ፓስወርድዎን እንደገና ይሞክሩት።»

እጄ ላይ ያለውን አዩ። ፓስወርዳቸውን ጻፉ።

«እንቢ አለ» አሉ።

«አሁንም ይሞክሩት።»

እንደዚያ ስንሞክር ዋልን። ሁለታችንም ስክሪኑን እናያለን፤ እርስ በርስ አንተያይም። ሻይ መጣልኝ፣ ቀዘቀዘ፣ ሌላ መጣ። ሪፖርቱን የጠየቀ የለም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ የአጎቴን የጋሽ ደጀኔን ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ሰማሁ። ከገጠር፣ ከዱመርሶ እስከ ይርጋጨፌ በሞተር፣ ከዚያ ወዲህ በመኪና ነው የመጡት፤ ያዘገያቸው ጭቃው ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጋር በሩ ላይ ቆሙ፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጨቅይቷል። ቤት እስክሄድ አልጠበቁም፤ ማወቄን ከፊቴ ሳያነቡት አልቀሩም።

«ሲላስ፣ ና እስቲ እዚህ ቁጭ በል ልጄ» አሉኝ።

«ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ። ሥራ ይዣለሁ» አልኩ።

አቶ ከፈለኝ ከኋላቸው ነበሩ። ስክሪኑን ሳያዩ፣ «ተከፍቷል ሲላስ» አሉኝ። «በቃ፣ ተከፍቷል።»

«አልተከፈተም» አልኩ። «እትዬ፣ አንዴ ብቻ ይሞክሩት።»

እትዬ አትጠገብ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሡና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።