የስብሐት ቮልስ ከእንጦጦ ስትወርድ

የፍሬኑ ፔዳል ወለሉን ነካ። ስብሐት እግሩን አንስቶ ደገመው፤ አሁንም እንደ በሰበሰ ቲማቲም ስምጥ አለ። ቮልሷ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ሦስት ነፍስ ይዛ እየፈጠነች ነበር።

"ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!" አለች አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ ዓለምፀሐይ።

"ቀስ እያልኩ ነው።"

"ይሄ ነው ቀስ?"

አማቱ እማማ ቦሰና ከኋላ ወንበር ሆነው፣ የጸበል ጀሪካናቸውን በጉልበታቸው መሀል አጣብቀው፣ "ተይው ልጄ፤ መኪናዋም ቤቷ ናፍቋት ነው" አሉ።

ስብሐት በዚያች ቅጽበት የፈራውን ፍርሃት ለጉለሌ ሕዝብ ቢያካፍሉት ለእያንዳንዱ አባወራ ይዳረስ ነበር፤ የተረፈው ለየካ ይላካል። ይህ እንግዲህ "እሷንማ ጣርማበር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳታለሁ" የሚል ሰው ነው።

ቮልሷ የስልሳ ሰባት ሞዴል ናት፤ በዕድሜ በሦስት ዓመት ትበልጠዋለች። ስብሐት በሳምንት አምስት ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል። ስሙን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዷም "ስብስቤ" ነው የምትለው። እሑድ ግን የዚያች መኪና ድምፅ ቀጨኔ ዳገት ላይ ሲሰማ ሸማኔው መወርወሪያውን ያቆማል፤ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ በነካው እጇ ሰላም ትለዋለች፤ ከኋላው የሚሮጡት ልጆች ቢያንስ አራት ሺህ ይሆናሉ። "በስንት ትሸጣታለህ?" ያለው ሰው፣ "አንተ እናትህን በስንት ትሸጣለህ?" ተብሎ ተመልሷል። አንድ ቀን መሪውን እየዳበሰ፣ "ዓለም፣ እኔ ሰው ሆኜ የምቆጠረው እዚህ ውስጥ ስቀመጥ ነው" ብሏታል። ያን ጊዜ አልጎረረም ነበር።

ለዚህም ነው መካኒክ የማያስነካት። ትናንት እንኳ የፍሬን ዘይቷን ራሱ ቀየረ። እሱ ከሥር ተኝቶ፣ ዓለምፀሐይ ፔዳሉን እየረገጠችለት። "መነጽርህን አድርግ" ብትለው፣ "መነጽር ለሽማግሌ ነው" አላት።

ከመታጠፊያው ሥር ሦስት አህዮች እንጨት ተጭነው መንገዱን ሞልተውት ታዩት።

"ፍሬን የለም! ያዙ!" ብሎ ጮኸ።

አንደኛ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ አገር ይያዝልኝ አለ። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ የጎተተው ይመስላል፣ ምክንያቱም መሪውን የያዘችው ዓለምፀሐይ ነበረች። ቮልሷ ከአህዮቹ ተርፋ፣ የመንገዱን ዳር አፈር በጎኗ እየፋቀች ሄደችና ቆመች።

ባለ አህዮቹ ሰውዬ በመስኮት አጎንብሶ አየው። "ወንድም፣ የኔዎቹ እንኳ 'ቁም' ሲሏቸው ይቆማሉ" አለና መንገዱን ቀጠለ።

ስብሐት ወርዶ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገ፤ ከዚያ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቆዩ።

በኋላ ተነሥቶ ፔዳሉን ረገጠው። ጠንካራ ነው። እንደገና ረገጠው። እንደ አለት!

"ይዟል!" አለ ድምፁ ተመልሶለት። "ይዟል እኮ! እንዲህ ያለ መኪና..."

"እመቤቴ ናት!" አሉ እማማ ቦሰና እያጨበጨቡ። "ግቡ፣ ግቡ። ቆይ ግን፣ ጉሮሮዬ በድንጋጤ ደረቀ።" ከዘንቢላቸው አንድ ሃይላንድ አውጥተው ክዳኑን ከፈቱ። "ይቺን የቤቷን ጸበል ልጨርሳት።"

ስብሐት ፈሳሹን ፀሐይ ላይ አየው። ጠርሙሱን ከከንፈራቸው ላይ እንዴት እንደነጠቀው አያውቅም።

"ምን ነካህ? ጸበሌን!"

አሸተተው። የፍሬን ዘይት።

"እማማ፣ ይሄን ከየት አነሡት?"

"ከቤቱ መስኮት ላይ ነዋ። እምነት በጥብጬበት ያስቀመጥኩት ጸበሌ ነው፤ ብጫ ብጫ የሚለው።"

ትናንት መስኮቱ ላይ ሁለት ብጫ ሃይላንድ ነበሩ ማለት ነው፤ የእሳቸው ጸበልና የእሱ ዘይት። አንዱ እሳቸው ዘንቢል ውስጥ። ሌላው... ስብሐት ወደ ቁልቁለቱ አየ፤ ገና ግማሹ እንኳ አላለቀም። ውሃ በፍሬኑ ግለት ይፈላል፤ ሲፈላ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ሲበርድ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይጠነክራል፣ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ድረስ።

"ፍሬኑ ውስጥ ያለው ጸበል ነው" አለ።

ዓለምፀሐይ አፈጠጠችበት። "ማን ጨመረው?"

ሦስት ውሸት ተሰልፎ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሦስቱም የሚያምሩ። እማማ ቦሰና ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየ።

"እኔ" አላት።

ከላይ የገለታ ሚኒባስ እየወረደ መጣ። ገለታ በየእሑዱ ስብሐት በክላክስ እያላገጠ የሚቀድመው የሽሮ ሜዳ ታክሲ ነጂ ነው። ቀስ ብሎ ቆመና አንገቱን አወጣ።

"ጋሼ ስብሐት! ንግሥቲቱ እምቢ አለች እንዴ?"

"ፍሬን ነው።"

ገለታ ወርዶ በአንድ እግሩ ፔዳሉን ሞከረው። "ኧረ ይይዛል! በቃ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ እርስዎ ከታክሲ ሲወርዱ ሽሮ ሜዳ ቢያይዎት፣ እኔ ራሴ አፍርልዎታለሁ።"

ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እያዩ ነው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቮልሷን ፎቶ ያነሣል። ስብሐት የሽሮ ሜዳን ሳቅ ከዚህ ሆኖ ሰማው፤ አርባ ዓመት የሚቆይ ሳቅ ነው። የቮልሷን በር ቆለፈ።

"ሦስት ሰው ነን፣ ገለታ" አለ። "ለእማማ የፊቱን ወንበር ስጥልኝ።"